«ዓይንህን አንቀሳቅስ» ተባልኩ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን አሉ? ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት። አንዳንዴ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ ባልቲሞር ለቅሶ ደርሰን ማታ እየተመለስን ነበር። የምነዳው እኔ ነኝ። ጋቢና አብሮ አደጌ ተቀምጧል። እዚህ አገር ያለኝ ወንድም እሱ ነበር። አንድ ሰፈር አደግን፣ ባንድ ዓመት መጣን። ዝናብ ነበር። የጭነት መኪና ከኋላ ገጨን፤ ተሽከርክረን የመንገዱ ዳር ብረት ላይ ቆምን። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። የሚሰማው ፍሬቻው ብቻ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ስጠራው አልመለሰልኝም።

ፖሊስ ጥፋቱ የጭነት መኪናው ነው ብሎ ጽፏል። እኔ ግን የማውቀው ነገር አለ። ለቅሶ ቤት «ትንሽ እንቆይ፣ ዝናቡ ያባራ» ያለኝ እሱ ነው። «ነገ ሥራ አለብኝ፣ ተነስ በቃ እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም። ድሮ በመኪናዬ ሰው እያመላለስኩ ነበር የምሠራው። አሁን ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ምድር ቤት ስለሆነ ዝናብ አይታየኝም። ግን አንድ መኪና ፍሬቻ አብርቶ አጠገቤ ሲቆም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ላብ አጥምቆኝ እነቃለሁ። ለመተኛት ሁለት ሦስት ቢራ እጠጣለሁ። ልጄ መኪና ውስጥ ስትስቅ እጮህባታለሁ። አንዳንዴ «ምነው እኔ በሆንኩ» እላለሁ። የእሱ እናት በየወሩ ከአዲስ አበባ ይደውሉልኛል። ማንሳት አቅቶኛል።

ባለቤቴ ለምና ለምና ክሊኒክ ወሰደችኝ። አማካሪዋ ፈረንጅ ናት። ሦስት ጊዜ ካገኘችኝ በኋላ ኢኤምዲአር የሚባል ሕክምና እንሞክር አለችኝ። ያን ሌሊት እያሰብኩ ጣቷን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ በዓይኔ እከተላለሁ፤ ይኸው ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ የአስማት ነገር መሰለኝ። እናቴም በስልክ ስነግራት «ጠበል ግባ እንጂ ዓይንህን ለማንም አትስጥ» አለችኝ። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ሳምንት ነው።

ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ከሠራስ? ከረሳሁትስ? እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ድኜ፣ እየሳቅኩ ልነዳ ነው? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ስሜ ይቆይ፣ ከቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ሁለት ዓመት ቢሆነውም ለእኔ የነገርከኝ ዛሬ ነውና እግዜር ያጥናህ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆንክ አንተ እያልኩ እጽፍልሃለሁ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ዓይን ማንቀሳቀሱ የምችለውን ያህል አስረዳሃለሁ። ግን ትልቁ ጥያቄህ መጨረሻ ላይ፣ ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል የጻፍከው ይመስለኛል። እሱ ጋ እንደርሳለን። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ።

«ምነው እኔ በሆንኩ» ብለሃል። ይህን ቃል ለቅሶ ቤት ሁላችንም ሰምተነዋል። እናት ደረቷን እየደቃች ትለዋለች፣ ማንም አይደነግጥም። ሰው ግን ሌሊት ብቻውን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለው እኔ እደነግጣለሁ። ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? በቀጥታ የጠየቅኩህ አውቄ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ውስጥ አይከትም፤ ኖሮ ከሆነም አውጥቶ መናገር ሸክሙን ያቀልላል። አስበህ ከሆነ ሐሙስን አትጠብቅ። ለባለቤትህ ዛሬውኑ ንገራት። 988 ላይም ደውል፤ ራሱን ለማጥፋት ላሰበና ለጨነቀው ሰው የተዘጋጀ የስልክ መስመር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሌትም ቀንም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለትም ትችላለህ። አማካሪህም ይህችን ቃል ካንተ አፍ መስማት አለባት፤ ሕክምናውን በምን ፍጥነት እንደምታስኬድ የምትወስነው በዚህም ጭምር ነው። አስበህ ካላወቅክ ደግሞ ተመስገን፣ እንቀጥል።

አስማት መሰለኝ ያልከው ብዙ ሰው የሚለው ነው። ሐኪሞችም ብለውታል። ሕክምናውን የጀመረችው ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። በፈረንጆቹ 1987 ፓርክ ውስጥ እየተራመደች የሚረብሽ ነገር ታስብ ነበር። ሐሳቡ ድንገት ሲቀልላት ጊዜ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ እንደነበር ልብ አለች። ጅማሬው ይኸው ነው። ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ እኔም ተወው እልህ ነበር። እሷ ግን ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና የተደፈሩ ሰዎች ላይ ሞክራ ውጤቱን 1989 ላይ አሳተመች። ብዙ ምሁር ተጠራጠራት፤ ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጀ። ጥናቱ ግን እየተጨመረ ሄደና 2013 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ፣ ከከባድ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የሥነ ልቦና ጉዳት ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ ሆነ፤ ለአዋቂም ለልጅም። ሻፒሮ 2019 ላይ አርፋለች። ሕክምናው ግን ዛሬ በብዙ አገር ይሰጣል።

እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነገር የለም አልልህም። ለውጡን የሚያመጣው የዓይኑ እንቅስቃሴ ራሱ ነው ወይስ ትዝታውን ተረጋግቶ፣ ከሰው ጋር ሆኖ ማየቱ ነው የሚለው ላይ ባለሙያዎች አሁንም ይለያያሉ። ብዙዎች የሚቀበሉትን አንድ ማብራሪያ ግን በሥራህ ላስረዳህ። ገንዘብ እየቆጠርክ ሳለ ሰው ሲያዋራህ ምን ይሆናል? ወይ ቁጥሩ ይጠፋብሃል፣ ወይ ሰውዬው ያለው አይገባህም። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚሠራበት ቦታ ጠባብ ነው። ያን ሌሊት በሐሳብህ ይዘህ በዓይንህ ጣት ስትከተል፣ ትዝታው ቦታውን ብቻውን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ደብዘዝ ይላል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ተመልሶ ሲቀመጥም እንደ ቀድሞው ሆኖ አይቀመጥም ነው የሚሉት።

ሻፒሮ ራሷ የምትለው ደግሞ እንዲህ ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ሲያልፍ አእምሮ እየፈጨ ያስቀምጠዋል። በጣም የከበደው ግን ሳይፈጭ ይቀራል፤ ከነድምፁ፣ ከነሽታው፣ ከነፍርሃቱ። አንተ ኅዳርን ታውቀዋለህ፣ ሁለት ዓመት እንደሆነውም ታውቃለህ። እጅህ ግን አያውቅም። ፍሬቻ በሰማ ቁጥር ለእሱ ዛሬ ነው። ስለዚህ እባክህ በእጅህ አትፈር። ፈሪ ሆነህ አይደለም፤ ሰውነትህ ያ ሌሊት ማለቁን ገና አልሰማም።

ሐሙስ ምን እንደሚጠብቅህ ልንገርህ፤ ፍርሃትህ ግማሹ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። እኔ ራሴ ይህን ሕክምና አልሰጥም፤ ሕክምናው እንዴት እንደሚሄድ ግን በደንብ አውቃለሁ።

አማካሪህ ሐሙስ ዕለት ጣቷን ጭራሽ ላታነሳ ትችላለች። ሕክምናው ስምንት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ታሪክህን መስማትና አንተን ማዘጋጀት ናቸው። ስትጨነቅ የምትረጋጋበትን መንገድ ታለማምድሃለች። ልብህ የሚያርፍበት አንድ ቦታ በሐሳብህ እንድትመርጥም ትጠይቅሃለች። እስቲ ከወዲሁ አስብበት፤ የልጅነት ግቢህ ይሆን? የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር? ልጅህ አጠገብህ የተኛችበት ክፍል? እሱ ያለበትን ቦታ ግን ለጊዜው አትምረጥ፤ ኀዘኑ ይቀላቀልብሃል።

ከዚያ ተራው ሲደርስ ከዚያ ሌሊት አንዷን፣ በጣም የምትከብደውን ምስል ምረጥ ትልሃለች። ምናልባት መኪናው ከቆመ በኋላ ያለችው ጸጥታ ትሆናለች። «አሁን ስታስባት ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ታስጨንቅሃለች?» ትልሃለች። 10 ብትል ማንም አይገረምም። ሰውነትህ ላይ የት እንደሚሰማህም ትጠይቅሃለች፤ ደረትህ ላይ ነው፣ ጉሮሮህ ላይ ነው፣ እጅህ ላይ ነው? ከዚያ ጣቷን ወይም አንዳች ነገር በፊትህ ወዲያ ወዲህ ታንቀሳቅሳለች፣ አንተ በዓይንህ ትከተላለህ። አንዱ ዙር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ታቆምና «ተንፍስ፤ ምን መጣ?» ትልሃለች። የመጣውን ባጭሩ ትላለህ፤ «ዝናቡ»፣ «እጄ»፣ «ምንም»። ደግማ ትቀጥላለች። ዓይንህን ከደከመህ ወይም ካመመህ በእጅ መዳፍ ላይ በየተራ መታ መታ በማድረግ ወይም በድምፅ ማድረግ ይቻላል። አንዱ ቀጠሮ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አትተኛም፣ አትደነዝዝም፣ ያላሰብከውን አትለፈልፍም። እጅህን ካነሳህ ትቆማለች። እናትህ ዓይንህን አትስጥ ያሉት ነገር እዚህ የለም፤ ዓይንህ ካንተ ጋ ነው፣ የምታየውም አንተው ነህ።

ለአንተ የሚመችህ የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ። ብዙ ማውራት የለብህም። ሌሊቱን ከሀ እስከ ፐ ለፈረንጇ በእንግሊዝኛ መተረክ አይጠበቅብህም። ትዝታህን የምታየው በአማርኛ ነው፣ እሱ የተናገረውም በአማርኛ ነው፤ እንዳለ ተወው፣ አትተርጉመው። «ተነስ በቃ እንሂድ» የምትለዋን ቃል እንግሊዝኛ አድርገህ ብትነግራት ላትከብድ ትችላለች። በአማርኛ ግን ምን እንደምትመዝን አንተ ታውቃለህ። በራስህ ቋንቋ ማሰብ እንደምትፈልግ ንገራት። አስተርጓሚ ከፈለግክም ጠይቅ፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋሞች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው። ሰፈሩ ጠባብ ነውና የሚታወቅ ሰው እንዳይመጣብህ ከፈራህ፣ በስልክ የሚሆንና ሌላ ከተማ ያለ አስተርጓሚ ይሁንልኝ በል።

አሁን ወደዚያች ቃል ልምጣ። አማካሪህ አንድ ሌላ ጥያቄ ትጠይቅሃለች፤ «ያን ምስል ስታይ ስለ ራስህ ምን ትላለህ?» አንተ የምትላትን ከዚህ ሆኜ የምሰማው ይመስለኛል፤ «የገደልኩት እኔ ነኝ»። ቀጥላ፣ «በእሱ ቦታ ምን ብታምን ትወዳለህ?» ትላለች። የምትመርጠውን ምን ያህል እንደምታምነው ከ1 እስከ 7 ትሰጣለህ። መጀመሪያ ላይ 1 ብትል ወይም 2፣ ልክ ነህ። ማንም «ጥፋት የለብህም» ብለህ እንድትደግም አያስገድድህም። ያላመንከውን ብትል ማታ ላይ ያው ነው፤ ያውም ስንት ሰው እንዲህ ብሎህ አልሠራም። ቃሉ ለአንተ እውነት መሆን አለበት። ምናልባት «ያን ሰዓት የማውቀውን ያህል ነው ያደረግኩት» ይሆናል። ምናልባት ሌላ ታገኛለህ።

እኔም በዚህ ላይ የምጠይቅህ አለኝ። ከእሱ ጋር ስንት ለቅሶ ቤት፣ ስንት ሰርግ፣ ስንት ክርስትና ሄዳችኋል? ስንቴ «ተነስ እንሂድ» ብለኸዋል? ስንቴስ እሱ አንተን ጎትቶ አስነስቶሃል? ያን ሁሉ ጊዜ በሰላም ገብታችኋል። ያችን ማታ ያልከው ከሌላው ጊዜ በምን ይለያል? ሥራ ያለበት ሰው የሚለውን ነው ያልከው። ከኋላ የመጣውን መኪና አንተ አልጠራኸውም። ይህን ዛሬ እመን አልልህም፤ አስበህ መልስ ስጠኝ ብቻ።

መርሳቱን ፈርተሃል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሕክምናው ትዝታ አይሰርዝም። የጨረሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት ምስሉ ራቀ፣ ደበዘዘ፣ ሳስበው ሰውነቴ አይነሳብኝም ነው። የሆነውን ያውቁታል፣ ሲያወሩት ያለቅሳሉም። ሌላም የሚሉት አለ፤ በአደጋው ተሸፍኖ የቆየ ትዝታ ይመለሳል። እስቲ ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ስለ እሱ የነገርከኝ «ትንሽ እንቆይ» ማለቱንና ስትጠራው አለመመለሱን ነው። የት አደጋችሁ? ሲስቅ ምን ይመስላል? ምን ይወድ ነበር? በምን ይቀልድብህ ነበር? ሠላሳ ዓመት ያህል አብረኸው የኖርከውን ሰው እኔ የማውቀው በአንዲት ማታ ብቻ ነው። አንተስ በዚህ ሁለት ዓመት ስታስበው ከዚያች ማታ ሌላ ምን አይተሃል? የፈራኸው መርሳት እኮ አሁን እየደረሰብህ ነው ብዬ እፈራለሁ። ፍሬቻው እየጮኸ ሌላውን ሁሉ አላሰማ ብሎሃል።

ድኜ ልነዳ ነው ላልከው ደግሞ አገራችን የሚያውቀው ነገር አለ። ሰው ሲሞት ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። እናት ከል ለብሳ ትከርማለች። ዓመት ሲሞላ ግን የሰፈር ሴቶች መጥተው «በቃሽ፣ አውልቂው» ይሏታል። እሷ እምቢ ትላለች፣ እነሱ ይለምኗታል፣ ያወልቁላታል። ያን ቀን ልጇን ረሳች የሚላት ሰው አይቼ አላውቅም። አንተ እዚህ አገር ማን መጥቶ አወለቀልህ? አልቅሰህስ ታውቃለህ? አስከሬኑ ሲሄድ ሸኝተህ በማግሥቱ ሥራ ገብተህ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን እዚህ የምንኖረው እንደዚያ ነው። ሐሙስ የምትሄድበትን ቢሮ እንደዚያ እየው፤ «በቃህ» ሊሉህ የመጡ ሰዎች ቤት።

ስለዚህ ሂድ ነው የምልህ። ስትሄድ ግን እየጠየቅክ ሂድ። ይህን ሕክምና የተማረችው የት ነው? ከአደጋ ከተረፉ ሰዎች ጋር ሠርታለች? በጣም ቢብስብኝ ምን ታደርጊልኛለሽ? በስንት ቀጠሮ እናየዋለን? አንድ አደጋ ብቻ ለደረሰበት ሰው ጥቂት ቀጠሮዎች የሚበቁበት ጊዜ አለ፤ ኀዘንም ስላለበት ያንተ ሊረዝም ይችላል። ኢንሹራንስህ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመህ ደውለህ አረጋግጥ። ካልተመቸችህ ሰው መቀየር ነውር አይደለም፤ የኢኤምዲአር ዓለም አቀፍ ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የሠለጠኑ ባለሙያዎችን በየአካባቢው መፈለግ ይቻላል።

ቢራውን ንገራት። ሁለት ሦስት ነው ብለህ አታሳንሰው፣ በየቀኑ ከሆነ በየቀኑ በል። ለእንቅልፍ የምትጠጣው ነገር እንቅልፍህን ራሱ ይበጠብጠዋል፤ ሕክምናውም የሚሠራው ስሜቱ ሲሰማህ ነው። ብዙ የምትጠጣ ከሆነ ግን በራስህ ድንገት አታቁም፣ ሐኪም ይወቀው። የሚጥል በሽታ ወይም የዓይን ሕመም ካለብህም ንገራት።

ከቀጠሮው በኋላ ባለው አንድ ሁለት ቀን ሊደክምህ ይችላል። ሕልም ሊበዛ ይችላል፣ እንባም ድንገት ሊመጣ ይችላል። ባሰብኝ ብለህ እንዳታቋርጥ ነው አስቀድሜ የነገርኩህ። የዚያን ዕለት ማታ ፓርኪንግ ፈረቃ አትውሰድ። ባለቤትህ ትውሰድህ፣ እሷው ትመልስህ። መኪና ውስጥ ምን አሉህ ብላ እንዳትጠይቅህ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ስትፈልግ ትነግራታለህ። ይህች ሴት ለምና ለምና የወሰደችህ ናት። ደብዳቤህን ቀድማ ብታነበው ምን ትላለህ? ከእኔ በፊት «ከረሳሁትስ» የምትለዋን መስማት የነበረባት እሷ ትመስለኛለች።

ዩቲዩብ ላይ ይህን ሕክምና ራስህ አድርገው የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። አትሞክረው። ያን ሌሊት ብቻህን ከፍተህ መዝጋት ሊያቅትህ ይችላል። ለማረጋጋት ያህል ግን አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የቢራቢሮ እቅፍ ይሉታል። ሜክሲኮ አካፑልኮን 1997 ላይ አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ ከተረፉ ሕፃናት ጋር ሲሠሩ የመጣ ዘዴ ነው። ሁለት እጅህን ደረትህ ላይ ታመሳቅልና ጣቶችህ ከአንገትህ በታች ያርፋሉ። ከዚያ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ቀስ እያልክ መታ መታ ታደርጋለህ፣ እየተነፈስክ። ፓርኪንጓ ክፍል ውስጥ ፍሬቻ ሲያንቀጠቅጥህ መኪናው ካለፈ በኋላ አንድ ደቂቃ ሞክራት። ያን ሌሊት ግን ሆን ብለህ እያሰብክ አታድርጋት፤ ለዚያ አማካሪህ አለች።

እናትህን አትጣላቸው። ጠበሉንም ግባ፣ ልብህ የሚያርፍበት ከሆነ ደግ ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «እማዬ፣ ሐኪም ናት፣ ከአደጋ የተረፉ ሰዎችን ነው የምታክመው፤ አንቺ ጸልዪልኝ» በላቸው። ጸልዪልኝ የተባለች እናት ብዙ አትከራከርም።

ልጅህን ደግሞ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ንገራት። ዕድሜዋን አልጻፍክልኝም፣ ግን ትንሽም ብትሆን ይገባታል። «መኪና ውስጥ የምጮኸው አንቺ አጥፍተሽ አይደለም፤ አባባ መኪና ያስፈራዋል፣ እየታከመ ነው» ይበቃታል። አለበለዚያ መሳቋ የሚያስቆጣህ ይመስላታል።

መንዳቱን አሁን አታስበው። ስትሻል ከአማካሪህ ጋር ትነጋገሩበታላችሁ፤ መጀመሪያ ቆማ ባለች መኪና ውስጥ መሪ ይዞ መቀመጥ፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ፣ ከዚያ እየቆየ ሃይዌይ። ጭራሽ ላትነዳም ትችላለህ፣ እሱም ኑሮ ነው። ሕክምናው ደግሞ ለሁሉም ሰው አይሠራም። ለአንተ ካልሠራ በአስተሳሰብ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምናም፣ መድኃኒትም አለ። አልሠራም ብለህ ብቻህን ወደ ቢራው እንዳትመለስ ነው የምለምንህ።

የመጨረሻው የእሱ እናት ናቸው። ስልኩን አንሳ ብዬ አላስገድድህም፣ ገና ነህ። ግን በየወሩ የሚደውሉት ለምን ይመስልሃል? አንተ ሊወቅሱኝ ነው ብለህ ታስብ ይሆናል። ሊወቅስ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የሚደውል አይመስለኝም። ልጃቸውን የሚያውቅላቸው እዚህ አገር ያለኸው ሰው አንተ ነህ። መነጋገር ካቃተህ በዋትሳፕ ድምፅህን ላክላቸው፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። «እማማ፣ አለሁ፣ ታምሜ ነው፣ እየታከምኩ ነው፣ ስበረታ እደውልልዎታለሁ።» ስለዚያ ማታ ምንም አትበል። ይህንንም ከሐሙስ በፊት ማድረግ ከከበደህ በኋላ ይሁን፤ ለአማካሪህ ግን ስልኩ እንዳለ ንገራት።

ከሄድክ በኋላ ጻፍልኝ። መጻፍ ከደከመህ ያን ከ0 እስከ 10 ያለውን ቁጥርህን ብቻ ላክልኝ፣ እኔ ይገባኛል። ከቻልክ ደግሞ አብረህ ስሙን ባትጠራም ስለ እሱ አንድ ነገር ጨምርልኝ፤ በልጅነታችሁ ያደረገውን፣ ያሳቀህን፣ ምንም ይሁን።